ቁጥሯ መሃል ላይ ነው፦ ሰባት ዓመት ከቪትዝ ጋር

«ዘጠና አራት!» ትላለች እናቴ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ዘጠና ሰባት! አንቺ ልጅ፣ ማን አባሮሽ ነው?»

ከአዳማ አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር ፍጥነት መንገዱ ላይ የምሰማው ይህንን ነው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው አድጋ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ የያዘችውን ቁጥር ዛሬም ካገኘችበት ሳታነብ አታልፍም። የሱቅ ዋጋ፣ የአውቶቡስ ታርጋ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ምንም አይቀራትም። የቪትዝ ፍጥነት መቁጠሪያ ደግሞ እንደ ሌላው መኪና ከመሪው ኋላ የተደበቀ አይደለም። ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ቁልጭ ብሎ ይበራል። ሹፌሩ ያየዋል፣ ከጎን ያለው ያየዋል፣ ከኋላ መሃል ላይ የተጣበበው ልጅ ሳይቀር ያየዋል። መኪናዋን የሠሩት ሰዎች እናቴን የሚያውቋት ይመስለኛል።

አዳማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከመምህራኑ መካከል እቁብ የወጣለት ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። «ቪትዝ ልግዛ?» ይለኛል። መልሴ ረጅም ስለሆነ ሻዩ ይቀዘቅዛል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የእኔዋ የመጀመሪያው ቅርጽ ናት፤ ቶዮታ በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣት። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጠች፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። ቅርጿን የሳለው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። ሞተሯ 1 ሊትር ነው፣ አራት ሲሊንደር፣ 70 የፈረስ ጉልበት። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው፣ አራት ማርሽ። ቀለሟ ብርማ ነበር። አሁን የአዳማ አቧራ ቀለም ነው።

ስሟ ከጀርመንኛ የመጣ ነው። ቃሉ ቀልድ ማለትም ነው፣ የአእምሮ ቅልጥፍና ማለትም ነው። ቀልዱን ሰፈሬ ጨርሶታል። «እንቁላሏ መጣች» ይሉኛል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ «ባለ አራት እግሯ ባጃጅ» ብሎ አልፏል። ቅልጥፍናው ግን ለእኔ ቀረ። የቅዳሜ ገበያ ቀን ሌላው ማቆሚያ ሲፈልግ እኔ ሁለት ባጃጅ መሃል ሸጎጥ ብያለሁ።

የገዛኋት በ2010 ዓ.ም. ነው፣ ሁለት ዓመት በጣልኩት እቁብና በቁጠባዬ። ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ደላላው ዋጋ ሲጠራ የሚያየው ወንድሜን ነበር። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም። ኮፈኑን አስከፍቼ፣ የዘይት መለኪያዋን መዝዤ፣ በጨርቅ ጠርጌ መልሼ ስከታት ግን ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ። ዋጋውም ትንሽ ወረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጣና ያገለገለ መኪና ማስገባት እሳት ሆነ። እዚሁ አገር ያለውም አብሮ ተወደደ። እኔ እየነዳኋት፣ እያረጀች፣ ዋጋዋ ይጨምራል። ይህንን በፊዚክስ ማስረዳት አልችልም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቪትዝ ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን አትጠይቁ። ኪሎ ሜትር ይዋሻል። መሪውን ጠይቁ።

ጃፓኖች በግራ ነው የሚነዱት፤ መሪያቸው በቀኝ ነው። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነን። ስለዚህ ከጃፓን የወጣችው ቪትዝ እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት ዱባይ ላይ መሪዋን ታዞራለች። ከአውሮፓ በያሪስ ስም የመጣችው ግን ስትሠራም መሪዋ በግራ ነው። ከውጭ ስታዩአቸው መንታ ናቸው። ውስጣቸው ለየቅል ነው።

የእኔዋ የዞረች ናት። ምልክቱን ልንገራችሁ። ዝናብ ሲዘንብ ስፓዞላው የሚጠርገው ለቀኝ ሹፌር ነው። በእናቴ በኩል መስታወቱ ጥርት ይላል። በእኔ በኩል ጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል ያልተጠረገች ቦታ ትቀራለች፤ ባጃጅ ሁልጊዜ የሚመጣው በእሷ በኩል ነው። የኮፈን መክፈቻዋም እዚያው በቀኝ፣ በእናቴ እግር በኩል ቀርታለች። አንድ ቀን በአሮጌው መንገድ ስንሄድ እናቴ ነጠላዋን ልታስተካክል ስትጎትት መክፈቻዋን አብራ ጎተተችው። ሞጆ መግቢያ ላይ ኮፈኑ «ጧ!» አለ። ደግነቱ ሁለተኛው መንጠቆ ያዘው። እናቴ እስከ ቢሾፍቱ ፍጥነት አላነበበችም።

ዳሽቦርዱም ሌላ ጉድ ነው። መሪዋ ሲዞር ተቆርጦ በፋይበር ተቀጥሏል። የአዳማ ፀሐይ ቀን ሲመታው ይለጠጣል፣ ማታ ይኮማተራል። ሁለት ክረምት ሳያልፍ መገጣጠሚያው ተላቀቀ። ኮብልስቶን ላይ «ቅርርር» ይላል። መጀመሪያ ካርቶን ወተፍኩበት። ቀጥሎ ስፖንጅ። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ዝም ካለ ነው የምደነግጠው።

ሳይነካ የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው። መሃል ላይ ስለሆነ ለግራም ለቀኝም ያው ነው።

እዚህ ላይ ማክላረን ኤፍ 1 ትዝ ይለኛል። በ1992 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የእንግሊዝ መኪና ነው። ወንበሩ ሦስት ነው። ሹፌሩ መሃል ይቀመጣል፣ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ግራና ቀኝ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው። በ1998 እ.ኤ.አ. በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የሞተሩ ክፍል ሙቀት እንዲመልስ በወርቅ ቅጠል ተለብጧል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ወርቁ ነው። እኔን ያስቀናኝ ግን ወንበሩ ነው። ዱባይ ላይ መሪ አዙሩልኝ የማያሰኝ መኪና! ክፋቱ እናቴን ከትከሻዬ ኋላ ማስቀመጥ ሊኖርብኝ ነው። ጆሮዬ ላይ ልታነብልኝ።

ከሁሉ የምወደው መኪና ግን ሌላ ነው። ያደግኩት ወንጂ ነው። አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ ነበር። ወንድሜን ፀጉር ልናስቆርጥ የምንወስድበት ቤት ግድግዳ ላይ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ አንድ ቀይ መኪና ተለጥፎ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ከኋላው ትልቅ ክንፍ ያለው። ወንድሜ መቀስ ፈርቶ ሲያለቅስ እኔ እሱን አያለሁ። ፌራሪ ኤፍ 40 እንደሚባል ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ኤፍ 40 የወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኩባንያው 40ኛ ዓመቱን ሲያከብር። ኤንዞ ፌራሪ በቀጣዩ ዓመት ሞተ። ሞተሩ 2.9 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ)፣ 478 የፈረስ ጉልበት። በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሠሩት ሰዎች ክብደት ለመቀነስ ያልጣሉት ነገር የለም። ምንጣፍ የለውም። ሬዲዮ የለውም። ከውስጥ በሩን የምትከፍቱት ገመድ ስባችሁ ነው።

እስቲ አሁን የእኔዋን እዩልኝ። ሬዲዮዋ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አይናገርም። ምንጣፏን ጎርፍ የገባበት ክረምት አውጥቼ ጥዬዋለሁ። የኋላ በሯ መክፈቻ ተሰብሮ በሲባጎ ነው የምስበው። ከፌራሪ የሚለየኝ 408 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው።

ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ፌራሪው ግን እዚህ ቢመጣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ አያልፍም» አለ። እውነቱን ነው። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ላምቦርጊኒ ካውንታችም ከዚህ አይሻልም። በሮቹ ወደ ላይ ነው የሚከፈቱት፤ ያምራል። የኋላ ዕይታው ግን በጣም ደካማ ስለሆነ ሹፌሮች ወደ ኋላ ለመሄድ በሩን ከፍተው፣ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን አውጥተው ነው። የእኛን ግቢ በር በዚያ ዓይነት የምገባ ከሆነ ጎረቤት ሁሉ ቡና አፍልቶ ነው የሚያየኝ።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ቪትዝን በትክክል የሚፈትናት የአዳማና የአዲስ አበባ ፍጥነት መንገድ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ አቅጣጫ ሦስት ሦስት መስመር። ባጃጅ አይገባበትም፣ ጋሪ አይገባበትም። ከአዳማ ስትወጡ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ። መጀመሪያ 34 ተተከሉ፣ ቀጥሎ 102 ተጨመሩ። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸው። ያንን ሁሉ ተርባይን እዚያ ያስተከለው ነፋስ እኔንም አይምርም። የመኪናዬ ክብደት ከአንድ ቶን በታች ነው። ነፋሱ ከጎን ሲመታት መስመር ታስቀይረኛለች። አባዱላ በአጠገቤ ሲያልፍ መጀመሪያ ይገፋኛል፣ ቀጥሎ ይስበኛል። መሪውን በሁለት እጅ ነው የምይዘው። ሲኖትራክ ከሆነ ደግሞ ጸሎት እጨምራለሁ።

ዳገቱ ሌላ ፈተና ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ሞተር እንደ ሰው ነው፣ ቀጭን አየር ላይ ይደክመዋል። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጃፓን ላይ 70 የነበረው የፈረስ ጉልበት እዚያ ሲደርስ 55 አካባቢ ይሆናል። አራት ሰው ጭኜ፣ ኤሲ ከፍቼ ከአዳማ ስወጣ ካምቢዮው ከአራት ወደ ሦስት ይወርድና ሞተሩ ያጓራል። ቁጥሩ 88፣ 83፣ 79 እያለ ይወርዳል። እናቴ ደስ ይላታል። እኔ ኤሲውን አጠፋለሁ።

ደብተር አለኝ። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ልማድ ነው። ከተማ ውስጥ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄድልኛለች። ፍጥነት መንገዱን በ90 ከነዳሁ በሊትር 17። በ120 አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር፣ እናቴ ሳትኖር፤ ወደ 12 ወረደ። የአየር ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በካሬው ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 120 ብትወጡ ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ አየሩ የሚገፋችሁ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ። ትንሽ ሞተር ያለው ሰው ይህንን ሕግ በኪሱ ነው የሚማረው። ነዳጅ ሲጠፋና ማደያው ላይ ሰልፍ ሲረዝም የተሞላች 45 ሊትር ከሁለት ሳምንት በላይ ታቆየኛለች።

ጭነት? የኋላ ወንበሯን አጥፌ አንድ ኩንታል ጤፍ ከነጓዙ ጭኛለሁ፣ አላጉረመረመችም። ሁለት ኩንታል ጭኜ ወንጂ መንገድ ላይ ሾኳ ተበላ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠጠር መንገድ የምታዘወትሩ ሰዎች አትግዟት፤ ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ረጅም ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ጉልበቱ ወንበሬን ይገፋል፣ እኔም ሳላየው አውቀዋለሁ።

ቪትዝን የማመሰግንበት ትልቁ ነገር መለዋወጫ ነው። አዳማ ውስጥ ቪትዝ የማያውቅ ጋራዥ የለም። ካንዴላ፣ ፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ስፖኪዮ፣ ሁሉም በእግር መንገድ ነው። ጥያቄው አለ ወይ አይደለም፣ ታይዋን ነው ኦርጂናል ነው የሚለው ነው። የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ ላይ ኦርጂናል ግዙ፤ ስፖኪዮ ላይ ታይዋን ይበቃል፣ ለነገሩ ባጃጅ ገጭቶ ይወስደዋል።

ጋራዥ በዛ ማለት ግን ሁሉም ይታመናል ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አንዱ ጋ ኩላንት አስቀይሬ ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ዘመድ ይዤ ሶደሬ ስሄድ የሙቀት መብራቱ ቀይ በራ። ዳር ይዤ አጠፋኋት። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ኮፈኑን ስከፍት የራዲያተሩ ክዳን በወጉ አልተገጠመም፤ ውስጡም ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ነው። ውሃ እዚህ አካባቢ 100 ዲግሪ ላይ አይደለም የሚፈላው፣ 95 ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ ጠበቅ ብሎ ግፊት ካልያዘለት ሞተሩ ገና ሥራ ሳይጀምር ይፈላል። ይህንን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በራሴ መኪና ላይ ግን ክዳኑን ነካ አድርጌ ሳላይ ወጣሁ። ዘመዶቼ በሚያልፍ ሚኒባስ ሄዱ። እኔ ከጀሪካን ጋር ቀረሁ።

አባቴ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። እሱ ቮልስ ነበረው። ሞተሩ ከኋላ፣ ሻንጣው ከፊት፣ ራዲያተር የሚባል ነገር የለውም፤ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። «ውሃ የማይጠጣ ግመል» ይለው ነበር። ከፊት ኮፈኑ ሥር ሸንኮራ ጭነን አዳማ እንመጣለን፤ ሰው «ሞተሩ ሸንኮራ ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድ ነበር። ዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። የእኛው የተሸጠው ከዚያ በፊት ነው። የገዛው ሰውዬ መንገዱን እስኪጨርስ አባቴ ቆሞ አየው፤ ቤት ገብቶም ቁልፍ ማንጠልጠያውን ምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

አሁን መኪናዬን የምታየው የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ጋራዥ ውስጥ ኤሌክትሪክ ትሠራለች። ፈተና ላይ ኦም ሕግን ስታምታታ ነበር። ዛሬ ሞተሪኖውን፣ ሞተር ማስነሻውን፣ ፈትታ እያሳየችኝ «ቲቸር፣ ይኼኛው ካርቦን አልቋል፤ ያስተማሩን እኮ ነው» ትለኛለች።

ኤሌክትሪክ ካነሳሁ አይቀር። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጪ ሌላ አውቶሞቢል አይገባም ብሎ ካሳወቀ ወዲህ የሰፈራችን መልክ ተቀይሯል። ጎረቤቴ አንድ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። አንድ እሑድ ዳገቱን አብሬው ወጣሁ። ድምፅ የለም። ለቀጭን አየር ደንታ የለውም፣ የሚተነፍሰው ነገር የለማ። ቪትዝ ካምቢዮ የምትቀይርበት ቦታ ላይ እሱ ስልክ የሚያወራ ሰው ይመስል ቀጥ ብሎ ወጣ። እውነት እንናገር፣ ቀናሁ። መብራት የጠፋ ዕለት ማታ ግን እሱ አጥሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቁልፌን እያንቀጫቀጭኩ አለፍኩ። አንድ ለአንድ።

ባለፈው ሳምንት ደላላ ደወለ። ያው የድሮው ነው። አሁን «ወንድምሽ አለ?» አይልም። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣውን አዲሱን የቪትዝ ቅርጽ አግኝቷል፣ የእኔን ወስዶ በጭማሪ ሊያቀይረኝ ነው። ሄጄ አየሁት። ሰፋ ይላል። ሬዲዮው ይሠራል። የኋላ በሩ ሲባጎ አያስፈልገውም። ገንዘቡን በሆዴ መቁጠር ጀምሬ ነበር። እናቴን ከጎን አስቀመጥኳት፣ አንድ ዙር ነዳንበት። ፖስታ ቤት ጋ ስንደርስ ዳሽቦርዱን በእጇ ትዳብሳለች።

«ቁጥሩስ?» አለች።

«እዚህ ነው እማ፣ ከመሪው ኋላ። እኔ ብቻ ነኝ የማየው።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። «መልሺለት» አለች።